የቤት ሽያጭ ውል፡- ከጉጉቱ ጋር አብረው መታሰብ ያለባቸው ነጥቦች

ቤት መግዛት ለአብዛኛው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚገጥም ትልቅ ውሳኔ ነው፡፡ ገዢው ከኪራይ የሚገላገልበትን ቀን እያሰበ ይጓጓል፡፡ ሻጩም በሚያገኘው ገንዘብ ሥራ ሊጀምር፣ ልጅ ሊያስተምር ወይም ሰፈር ሊቀይር አስቦ ይቸኩላል፡፡ ጉጉቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ አዲስ ኑሮ ያለ ጉጉት አይጀመርም፡፡ ችግር የሚመጣው ደላላው “ሌላ ገዢ እየመጣ ነው” ስላለ ብቻ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእጅ ሲወጣ ነው፡፡ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በቤት ሽያጭ ግን የፈሰሰውን ለመልቀም ፍርድ ቤት ዓመታት መመላለስ ሊጠይቅ ይችላል፡፡

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በ1987 ዓ.ም በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም፡፡ ስለዚህ የሚሸጠው ቤቱ ሲሆን፣ በመሬቱ የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል፡፡ ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ? ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለበት? ባንክ በመያዣነት ይዞታል? የፍርድ ቤት ዕግድስ? ካርታውን በሻጩ እጅ ማየት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም፡፡ መልሱ ያለው ካርታውን በሰጠው መሥሪያ ቤት ፋይል ውስጥ ነው፡፡ የተመዘገበ መያዣ ቤቱ በሌላ ሰው እጅ ቢገባም አብሮት እንደሚሄድ መዘንጋት አይገባም፡፡

የሚሸጠው ማን ነው?

ካርታው በባል ስም ብቻ መሆኑ ሚስትን ከባለመብትነት አያስወጣትም፤ በሚስት ስም ቢሆንም እንዲሁ ነው፡፡ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል፡፡ ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፡፡ ቤቱ የውርስ ከሆነም የአንዱ ወራሽ ፊርማ ሌሎቹን አያስገድድም፡፡

ቀብድ

ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ የተደነገገ ጉዳይ ነው፡፡ የተለየ ስምምነት ከሌለ ገዢው ውሉን ቢተው የሰጠውን ቀብድ ያጣል፤ ሻጩ ቢተው ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፡፡ ስለሆነም የሚሰጠው ገንዘብ ቀብድ ይሁን የዋጋው ቅድሚያ ክፍያ በግልጽ መጻፍ አለበት፡፡

የውሉ አጻጻፍ

አንቀጽ 2877 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ እንደማይጸና ይደነግጋል፡፡ አንቀጽ 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል፡፡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሳያሟላ የተደረገ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል፡፡ በኋላ በመጡ ውሳኔዎች ሻጩ መሸጡን ካመነ ውሉ ባለመመዝገቡ ብቻ ሊፈርስ አይገባም የሚል አቋም ተንጸባርቋል፡፡ ይሁን እንጂ የቤት ዋጋ ሲንር ሻጭ እንዳይክድ ዋስትና የሚሰጥ የለም፡፡ የዕድሜ ልክ ቁጠባን በሻጭ ቅንነት ላይ ከማንጠልጠል ውልና ማስረጃ ሄዶ ሰልፍ መያዝ ይሻላል፡፡

መዋዋሉም የመጨረሻው ምዕራፍ አይደለም፡፡ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው (አንቀጽ 1185)፡፡ ስም ሳይዞር የቆየ ገዢ፣ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሰው ቢሸጠው ወይም የሻጩ ባለዕዳ ጠያቂዎች ቢያስከብሩት ለከባድ ክርክር ይጋለጣል፡፡

በውክልና የሚገዛ ኮንዶሚኒየም

በዕጣ የተገኘ የኮንዶሚኒየም ቤት እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ ስለተጣለበት ብዙዎች ገንዘቡን ከፍለው በእጃቸው የሚይዙት ውክልና ብቻ ነው፡፡ ውክልና ግን ባለቤትነት አይደለም፡፡ ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ በመርህ ደረጃም ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል፡፡ ያን ጊዜ ገዢው ፊት ለፊት የሚያገኘው ስምምነቱን የማያውቁ ወይም ማወቅ የማይፈልጉ ወራሾችን ነው፡፡

ዋጋ አሳንሶ መጻፍ

ግብርና የቴምብር ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ በታች መጻፍ የተለመደ ነው፡፡ ሕገወጥ ከመሆኑም በላይ ገዢውን ይጎዳል፡፡ ውሉ በአንድ ምክንያት ቢፈርስ ገዢው በሰነድ አስደግፎ የሚጠይቀው የተጻፈውን ያህል ነው፤ ለተረፈው ማስረጃ የለውም፡፡

ሻጭም የራሱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፡፡ ክፍያው በባንክ ወይም በሲፒኦ ይሁን፤ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ፣ ስም ማዞሪያውን ማን እንደሚከፍል በውሉ ይስፈር፡፡

በእኔ እምነት መንግሥትም የሚወጣው ድርሻ አለ፡፡ ገዢ ሊሆን ያሰበ ሰው የአንድን ቤት ዕዳና ዕግድ ያለ ምልጃና ያለ ደላላ፣ በዕለቱ አጣርቶ መውጣት ከቻለ ከክርክሩ ብዙው ገና ሳይጀመር ይቀራል፡፡ እስከዚያው ድረስ ማጣራቱ የገዢው ሸክም ነው፡፡ ለማጣራት የሚያልፉት ጥቂት ሳምንታት የአዲሱን ቤት ደስታ ያዘገዩት እንደሆነ እንጂ አያስቀሩትም፡፡