የጥገኝነት ጠያቂዎች የሥነ ልቦና ግምገማ

የጥገኝነት ጠያቂዎች የሥነ ልቦና ግምገማ ማለት፣ በሌላ አገር ጥገኝነት የጠየቀ ሰው በአገሩ ደረሰብኝ የሚለው በደል በአእምሮውና በስሜቱ ላይ ያስከተለውን ጉዳት አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም መርምሮ በጽሑፍ የሚያቀርበው የሙያ አስተያየት ነው። ጽሑፉ ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ለጥገኝነት ጉዳይ መርማሪ ወይም ለኢሚግሬሽን ዳኛ ይቀርባል። ባለሙያው ሰውየው እውነት ተናግሯል ብሎ አይፈርድም፤ ያ የዳኛው ሥራ ነው። የእሱ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ የታየው ሕመም ከተነገረው ታሪክ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም?

ከደርግ ዘመን ቀይ ሽብር፣ ከ1997ቱ ምርጫ ማግስት፣ ከሰሜኑ ጦርነት (2013–2015 ዓ.ም.) እንዲሁም ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ከቀጠለው ግጭት ሸሽተው በውጭ አገር ጥገኝነት የጠየቁ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በእነዚህ ሰዎች ጉዳይ ግምገማው ከሕመም ሌላ የሚያስረዳው ነገር አለ፤ እሱም የቀን አቆጣጠር፣ የሰዓትና የቋንቋ ልዩነት ነው።

መነሻው

እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ስደተኛን የሚለየው "በቂ ምክንያት ባለው ፍርሃት" ነው። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ፍርሃት ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ከድብደባ በኋላ ጠባሳ ሊጠፋ ይችላል፣ አንዳንዱ ማሰቃየትም ሆን ተብሎ ምልክት እንዳይተው ተደርጎ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ1985 ሄለን ባምበር በለንደን ለስቃይ ሰለባዎች የሕክምና ድርጅት አቋቋመች፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሚኔሶታም ተመሳሳይ ማዕከል ተከፈተ። በዋሽንግተን ዲሲ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ታስክ የተባለው የስቃይ ሰለባዎች ማኅበር ከሚረዳቸው ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን በርካታ ናቸው።

አሠራሩ መልክ የያዘው በኢስታንቡል ፕሮቶኮል ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1999 ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበና በ2022 የታደሰ መመሪያ ነው። መመሪያው ለባለሙያው አምስት ደረጃ ይሰጠዋል፤ የታየው ምልክት ከተነገረው ጋር አይስማማም፣ ይስማማል፣ በጣም ይስማማል፣ የዚያ በደል ዓይነተኛ ምልክት ነው፣ ወይም ከዚያ በቀር ሌላ ምክንያት ሊኖረው አይችልም። በሥነ ልቦና ጉዳይ የመጨረሻው ደረጃ እምብዛም አይሰጥም፤ ቅዠትና ድንጋጤ ከብዙ ምክንያት ሊመጡ ይችላሉና።

አካሄዱ

ቃለ መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፤ አንዳንድ ጊዜ ለሁለትና ለሦስት ቀን ይከፈላል። ባለሙያው ስለ ልጅነት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ቤተሰብ ጠይቆ ቀስ በቀስ ወደ በደሉ ይገባል። እንቅልፍን፣ መባነንን፣ ትዝታው ሳይፈለግ መምጣቱን፣ ከሰው መሸሽንና ራስን የማጥፋት ሐሳብን ይመረምራል። እግረ መንገዱን ሰውየው ሕመሙን እያጋነነ እንደሆነም ያጣራል፤ ይህን ያላደረገ ጽሑፍ በችሎት ፊት ክብደት የለውም። ገምጋሚው አካሚ አይደለም፤ የሚነገረው ሁሉ በጽሑፉ ሊገባ እንደሚችል ከመጀመሪያው መናገር አለበት።

ቀን፣ ሰዓትና ትዝታ

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ሕግ ዳኛው ከጉዳዩ ፍሬ ነገር ጋር ባይገናኝም እንኳ በማንኛውም የቃል መለያየት ተነሥቶ አመልካቹን አላመንኩትም ሊል ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ይህ ከባድ ነው።

ሰሜን ወሎ ያለችውን ጋሸናን እንውሰድ። ከተማዋ ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የላሊበላው መንገድ በሚገነጠልበት መስቀለኛ ላይ ትገኛለች፤ በጦርነቱ ጊዜም በዚሁ ምክንያት ብርቱ ውጊያ ተካሂዶባታል። ላሊበላ በሕወሓት ኃይሎች እጅ የገባችው ሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ጋሸናን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። በዚሁ መንገድ ወደ ምዕራብ ባለችው ነፋስ መውጫ፣ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ነሐሴ 2013 ላይ በሕወሓት ታጣቂዎች መደፈራቸውን የተናገሩ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል።

አሁን ከዚህ አካባቢ የተሰደደ ሰው "ነሐሴ 2013" ብሎ ተናገረ እንበል። አስተርጓሚው ወሩን ብቻ ቀይሮ "ኦገስት 2013" ካለ፣ ታሪኩ ጦርነቱ ከመጀመሩ ከሰባት ዓመት በፊት ወደነበረ ጊዜ ይሄዳል። ስምንት መደመር እንዳለበት የሚያውቅ አስተርጓሚም ሊሳሳት ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚደመረው ሰባት ነው፤ "ኅዳር 2014" ላይ ስምንት ከተደመረ "ኖቬምበር 2022" ይሆናል። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ደግሞ በዚያው ወር በ2ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ሰውየው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ የሆነ ውጊያ ፈጥሮ የሚያወራ ይመስላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በር ሰበሩ" ያለ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ቀኑን በቁጥር ሳይሆን "ፍልሰታ ሊገባ ሲል" ወይም "የገና ማግስት" ብሎ የሚያስታውስም ብዙ ነው።

እነዚህ የሒሳብ ስሕተቶች ናቸው እንጂ የትዝታ ስሕተቶች አይደሉም፤ የጥሩ ገምጋሚ የመጀመሪያ ሥራም ሁለቱን መለየት ነው። የትዝታው መዛባት ሌላ ምንጭ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት ከኮሶቮና ከቦስኒያ የመጡ ስደተኞችን ሁለት ጊዜ እየጠየቀ ቃላቸውን አነጻጽሯል። መለያየቱ የተለመደ ነበር፤ ይበልጥ የታየውም ራሳቸው ዋና ባላሉት ዝርዝር ላይ ነው። ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት) በጠናባቸው ሰዎች ላይ፣ በሁለቱ ቃለ መጠይቆች መካከል ያለው ጊዜ ሲረዝም ልዩነቱ ይበዛ ነበር። ይህን ለዳኛ የሚያስረዳው ግምገማው ነው።

ቋንቋና ነውር

"ወፌ ላላ" የሚባለው ማሰቃያ ሰውን አስሮ ሰቅሎ ውስጥ እግሩን መግረፍ ነው፤ በሕክምናው ዓለም የውስጥ እግር ግርፋት "ፋላንጋ" ተብሎ ይታወቃል። ቃሉ ቃል በቃል ከተተረጎመ ግን ከወፍ በቀር ምንም አይወጣውም።

ሕመሙም በሌላ ስም ይመጣል። ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬ ተነሣ፣ ልቤ ይመታል፣ ሐሳብ በዛብኝ የሚል ሰው ስለ ድብርት እየተናገረ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ጸበል ነው፤ የአእምሮ ሐኪም ጋ መላክን "አብደሃል" እንደተባሉ የሚቆጥሩም አሉ። የተደፈረች ሴት ነገሩን ለባሏ እንኳ ሳትነግር "ሆድ ይፍጀው" ብላ ኖራ በመጀመሪያው ማመልከቻዋ ላይ ዝም ልትል ትችላለች። ኋላ ስትናገር አዲስ ነገር ጨመረች ትባላለች። በባለሥልጣን ፊት አንገት መድፋት በወሎ ገጠር ጨዋነት ነው፤ በሌላ አገር ቢሮ ግን የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ምልክት ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ውጤቱና ገደቡ

በአሜሪካ ከ2000 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የሕክምና ወይም የሥነ ልቦና ግምገማ ካደረጉ አመልካቾች 89 በመቶው ጥገኝነት ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ገልጿል፤ የአገሪቱ አማካይ 37.5 በመቶ ነበር። ቁጥሩ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ግምገማ የሚደረግላቸው አብዛኛውን ጊዜ ጠበቃ ያላቸውና ጉዳያቸው ጠንካራ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ሁሉ የጽሑፉ ውጤት አይደለም። ግምገማው በሌላም መንገድ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሕግ ማመልከቻው በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከደረሰው በደል የመጣ የአእምሮ ጉዳት ግን ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ጤነኛ ሆኖ መታየትም ውሸታም አያሰኝም፤ ብዙ በደል ያዩ ሰዎች ፒቲኤስዲ አይዙም። ከስደት በኋላ ያለው ኑሮ ራሱ ደግሞ ያሳምማል፤ በቶሮንቶ በሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በሕይወት ዘመናቸው ድብርት የያዛቸው 9.8 በመቶ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ ከስደት በፊት የደረሰ በደል፣ የስደተኞች ካምፕ ቆይታና ከመጡ በኋላ የገጠማቸው ችግር ሦስቱም ከድብርቱ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ገምጋሚው የትኛው ሕመም ከአገር ቤት እንደመጣ፣ የትኛው ደግሞ ውሳኔ በመጠበቅ በባከኑት ዓመታት እንደተጨመረ ለይቶ መጻፍ ይጠበቅበታል።