ካርድና ማሽን የሚተዋወቁበት መንገድ፤ የአንድ ምርጫ ታሪክ

አንድ ደንበኛ ቺፕ ያለበትን የባንክ ካርድ በፖስ ማሽን ውስጥ ሲያስገባ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ከመጠየቁም ሆነ ገንዘቡ ከሒሳቡ ከመነሣቱ በፊት፣ በካርዱና በማሽኑ መካከል አጭር ንግግር ይካሄዳል። ማሽኑ ካርዱን «በውስጥህ ምን ምን ይዘሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካርዱም ይመልሳል፤ ከመልሱ አንዱ ተመርጦ ሥራው ይቀጥላል። ንግግሩ እጅግ አጭር በመሆኑ ከእኛ ከባለሙያዎቹ እንኳ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ክፍያው በየትኛው ድርጅት መስመር እንደሚያልፍ፣ ነጋዴውም ለአገልግሎቱ ምን ያህል እንደሚከፍል በአብዛኛው የሚወሰነው በዚያች ቅጽበት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኤሌክትሮኒክስ ብቻ ሳይሆን፣ የመምረጥ ሥልጣን የማን ነው የሚልም ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቺፕ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙም አልነበረም። በካርዱ ጀርባ የተለጠፈው ማግኔቲክ መስመር የካርዱን ቁጥር ይይዛል፤ ቁጥሩ በ4 የሚጀምር ከሆነ ካርዱ የቪዛ መሆኑ ይታወቃል። መስመሩ ይነበባል እንጂ አይጠየቅም። የፖስታ ቤት ሠራተኛ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን አድራሻ አይቶ እንደሚልክ ሁሉ፣ ማሽኑም ቁጥሩን አንብቦ ይልካል።

በካርድ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የመክተት ሐሳብ በጀርመናውያኑ በዩርገን ዴትሎፍና በሄልሙት ግሮትሩፕ በ1968 ለፓተንት ቀርቦ ነበር። ፈረንሳዊው ሮላን ሞሬኖ በ1974 የራሱን ፓተንት አስመዘገበ፤ የቡል ኩባንያው ሚሼል ኡጎንም በ1977 በካርዱ ላይ ማይክሮፕሮሰሰር አከለበት። የፈረንሳይ ባንኮች ከሌላው ሀገር ቀድመው በ1992 መጨረሻ ካርዶቻቸውን ሁሉ በቺፕ አደረጉ። ነገር ግን ያ ካርድ የተሠራው ለአንድ ሀገርና ለአንድ ሥርዓት ነበር። የፈረንሳይ ማሽን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ስለሚያውቅ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ የሌላ ሀገር ቺፕ ቢመጣበት ግን የሚነጋገርበት ቋንቋ የለውም።

መፍትሔው ስም ማውጣት ሆነ። በ1994 የወጣው የአይ.ኤስ.ኦ. 7816 ደረጃ አምስተኛ ክፍል፣ በካርድ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አፕሊኬሽን የራሱ መለያ እንዲኖረው ደነገገ። የመለያው የመጀመሪያ 5 ባይት የባለቤቱ ድርጅት ሲሆን የሚሰጠውም በመዝገብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ 11 ባይት ድረስ ያለውን ባለቤቱ እንደ ፈቃዱ ይሞላዋል። የእኛ የስም አጠራር ተገልብጦ፣ የአባት ስም ቀድሞ የልጅ ስም ተከተለ ማለት ነው። ለቪዛ «ኤ0 00 00 00 03»፣ ለማስተርካርድ «ኤ0 00 00 00 04» ደረሳቸው። ከቪዛው በኋላ «10 10» ሲጨመር የተለመደው የቪዛ ካርድ፣ «20 10» ሲጨመር ኤሌክትሮን ይሆናል፤ በማስተርካርዱ ላይ «30 60» ሲጨመር ደግሞ ማኤስትሮ ይባላል። በበኩሌ የዚህ አሠራር ብልኅነት ትንሽ አይደለም እላለሁ፤ የዓለምን ካርዶች ሁሉ አንድ በአንድ የሚመዘግብ ሳያስፈልግ፣ አባቶችን ብቻ በመመዝገብ የስም መደራረብን አስቀርቷልና።

ዩሮፔይ፣ ማስተርካርድና ቪዛ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኢ.ኤም.ቪ. የተባለውን የጋራ ደረጃ በ1996 ሲያወጡ፣ ንግግሩ በሁለት መንገድ እንዲካሄድ አደረጉ። በመጀመሪያው መንገድ ማሽኑ «1ፔይ.ሲስ.ዲዲኤፍ01» ተብሎ የሚነበብ፣ በላቲን ፊደል 14 ምልክት ያለውን የማውጫ ስም ይጠራል። ካርዱ ማውጫ ካለው የያዛቸውን አፕሊኬሽኖች ይዘረዝርለታል። ማውጫ የመያዝ ግዴታ ግን የለበትም። ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ ማሽኑ ራሱ የሚያውቃቸውን ስሞች ተራ በተራ ይጠራል። ካርዱ የተጠራው ስም ካለው «90 00» ብሎ ይመልሳል፤ ከሌለው «6ኤ 82»፣ ማለትም «አላገኘሁም» ይላል። አስተማሪ መዝገብ ይዞ ተማሪዎችን እንደሚጠራ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በካርዱ ውስጥ ያለው ስም ማሽኑ ከሚያውቀው ሊረዝም ይችላል፤ አንድ ባንክ ሁለት ሒሳቦችን በአንድ ካርድ ሲያኖር በስሙ መጨረሻ ላይ አንዳንድ ባይት ይጨምራል። ማሽኑ የስሙ መነሻ ከተስማማ እንዲቀበልና «ሌላስ አለ?» ብሎ ደግሞ እንዲጠይቅ ሊደረግ ይገባል። ይህ ጸሐፊ በአንድ የሙከራ ሥራ ላይ፣ ማሽኑ ሙሉ ስም ካልተገጣጠመ አልቀበልም እንዲል ተደርጎ ተሞልቶ፣ እንከን የሌለበትን ካርድ ሲመልስ ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን በካርዱ ላይ ሲፈልግ መክረሙን አይረሳውም።

ማሽኑና ካርዱ ሁለቱም የሚያውቋቸው ስሞች ተለይተው ዝርዝር ከሆኑ በኋላ ምርጫው ይመጣል። እያንዳንዱ አፕሊኬሽን ከ1 እስከ 15 ያለ የቅድሚያ ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ቁጥሩን የሚጽፈው ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ማሽኑ ዝርዝሩን ለደንበኛው ማሳየት ከቻለ ደንበኛው ይመርጣል፤ ካልቻለ ቅድሚያ ያለውን ይወስዳል። እንግዲህ ባንኩ ደረጃ ያወጣል፣ ደንበኛው ይመርጣል፤ ክፍያውን የሚሸከመው ነጋዴ ግን በዚህ ንግግር ውስጥ የራሱ ድምፅ አልተሰጠውም።

ይህ ጉድለት የታየው ሁለት የክፍያ ድርጅቶች በአንድ ካርድ ላይ ሲገናኙ ነው። በአሜሪካ በ2010 የወጣው ሕግ ማንኛውም የዴቢት ካርድ ዝምድና በሌላቸው ቢያንስ በሁለት መስመሮች እንዲሠራ፣ መስመሩንም ነጋዴው እንዲመርጥ አዘዘ። ቺፕ ሲመጣ ግን መስመሩን የሚወስነው የተመረጠው ስም ሆነ። ስለዚህ ልዩ ልዩ መስመሮች የሚጋሩት ሁለተኛ ስም በካርዱ ላይ ተጨመረ። የቪዛው «ኤ0 00 00 00 98 08 40» ነው፤ በመጨረሻው ያለው 840 የአሜሪካ የሀገር ቁጥር መሆኑን ልብ ይሏል። ውጤቱም ለጊዜው ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ደንበኛው ከአንድ ሒሳብ ለሚወጣ ገንዘብ «ቪዛ ዴቢት» ወይስ «ዩ.ኤስ. ዴቢት» ተብሎ ተጠየቀ። በ2016 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ የካርድ ድርጅቶች ነጋዴውን «ምርጫውን ለደንበኛው ተው» ብለው ማስገደድ እንደማይችሉ አስታወቀ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ያወጣው ደንብ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ሌላ ወገን አዘነበለው። ነጋዴው ማሽኑ አስቀድሞ እንዲመርጥለት ማድረግ ይችላል፤ ደንበኛው ያንን እንዳይለውጥ ግን ሊከለክለው አይችልም። ባይቶቹ አንድ ዓይነት ሆነው ሳለ፣ በአንደኛው አህጉር የመጨረሻው ቃል የነጋዴው፣ በሌላው የደንበኛው ሆነ። የእኛ ሀገር ባንኮች በ2011 ኢትስዊችን በጋራ አቋቁመዋል፤ የሀገር ውስጥ መስመርና የውጭ መስመር በአንድ ካርድ ላይ በተገናኙ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ለእኛም መምጣቱ አይቀርም።

ካርዱን አስጠግቶ መክፈል ሲጀመር ንግግሩ ይበልጥ አጠረ። የማውጫው ስም በ1 ፋንታ በ2 የሚጀምር ሆነ፤ ማውጫውን መያዝም ግዴታ ሆነ። ካርዱ ስሞቹንና የቅድሚያ ቁጥሮቹን በአንድ መልስ ያቀርባል፤ ማሽኑም ደንበኛውን ሳይጠይቅ ከፍተኛውን ይወስዳል። ካርዱ በማሽኑ አጠገብ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ ዝርዝር አሳይቶ መልስ የሚጠብቅበት ጊዜ የለም። ደንበኛው ሌላውን መስመር ከፈለገ ካርዱን ከማስጠጋቱ በፊት መናገር አለበት፤ ለዚያም አስቀድሞ የምርጫውን መኖር ማወቅ ያስፈልገዋል።