ባዶ የተባለው ረግረግ

በሱማትራና በቦርንዮ ደሴቶች የሚገኘው የፒት ረግረግ በዕቅድ አውጪዎች ዓይን ለረጅም ጊዜ ጠፍ መሬት ነበር። ፒት የወደቀ ቅጠል፣ ሥርና ግንድ ውሃ ውስጥ በቅጡ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ሲደራረብ የሚፈጠር አፈር ነው፤ ቦታ ቦታ ላይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ያልፋል። ውሃው ወፍራም ሻይ ይመስላል፤ አሲድነቱም ወደ ሆምጣጤ ይጠጋል። ከእንዲህ ያለ ውሃ ምን ሊገኝ ነው መባሉ አይገርምም፤ ነገር ግን ይህን ፍርድ የሰጡት ውሃውን በመረብ ያጠለሉ ሰዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓሣ ተመራማሪው ሞሪስ ኮተላና ባልደረቦቻቸው ከሱማትራ ረግረግ የተገኘችውን ዓሣ ፔዶሳይፕሪስ ፕሮጀኔቲካ ብለው አስተዋወቁ። ለመራባት የደረሰችው ትንሿ እንስት 7.9 ሚሊ ሜትር ነበረች፤ ከስንዴ ቅንጣት እምብዛም አትረዝም። ገላዋ ብርሃን ያሳልፋል፤ አንጎሏን ከላይ የሚከድን አጥንት የላትም፤ መልኳ ገና እንደተፈለፈለች ዓሣ ሆኖ ሳለ ለእናትነት ትደርሳለች። በ2012 ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የተገኘች እንቁራሪት በማነስ ስለበለጠቻት የዓለም ትንሿ ባለ አከርካሪ እንስሳ የመባል ዝናዋ አበቃ የሚል ይኖራል። እኔ ግን ከክብረ ወሰኑ ይልቅ ምስክርነቷን አያለሁ፦ እንዲህ ያለ አካል በአንድ ጀምበር አይሠራም፤ ረግረጉ ባዶ በተባለበት ዘመን ሁሉ ነዋሪ ነበረው።

የፍርዱ ስህተት ዋጋ የታየው በቦርንዮ በሚገኘው የኢንዶኔዥያ ክፍለ ሀገር፣ በማዕከላዊ ካሊማንታን ነው። ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ በ1995 አንድ ሚሊዮን ሄክታር ወደ ሩዝ ማሳ እንዲለወጥ አዘዙ፤ ደኑ ተመነጠረ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ቦይ ተቆፈረ። ለዓሣ ተብሎ ሰው ይራብ ወይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፣ የአገሪቱ የሩዝ ፍላጎትም እውነተኛ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ደሴት የሚኖሩት የባንጃር ገበሬዎች ረግረግ ማረስን ያውቁበት ነበር፤ ፒቱ በሳሳበት፣ ለወንዝ በቀረበ ቦታ፣ ሃንዲል የሚሉትን አጭር ቦይ እየሳቡ ሩዝ ያመርቱ ነበር። ጥልቁን ፒት የተዉት ስንፍና ይዟቸው አይደለም። ውሃው የተለየው ፒት ይሰምጣል፣ አንዴ በደንብ ከደረቀም መልሶ ውሃ አይጠጣም፤ ማገዶ ይሆናል። በ1997 ድርቅ ሲመጣ እሳቱ ከመሬት በታች ለወራት እየተጓዘ ነደደ፤ ጭሱ ከደሴቲቱ አልፎ ማሌዥያንና ሲንጋፖርን ሸፈነ። የታሰበው ሩዝ ሳይገኝ ዕቅዱ በ1999 ተሰረዘ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ከዚያው ክፍለ ሀገር ረግረግ ሌላ የፔዶሳይፕሪስ ዝርያ ተመዘገበ። የተሰጠው ስም ካርባንኩለስ ነው፤ በላቲን ትንሽ ፍም ማለት ነው።