ኩላሊት ጨውና ውኃን የሚመጥነው በሆርሞኖች ትዕዛዝ ነው

በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ፣ በወልዲያና በቆቦ ከተሞች መካከል በዋናው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጎብዬ ማሽላ በስፋት የሚመረትባት ቆላማ አካባቢ ናት፡፡ በግንቦትና በሰኔ ወራት ሙቀቱ በሚበረታበት ወቅት በማሳው ላይ የሚውል አርሶ አደር በከባድ ሥራ ላይ ሳለ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ላብ ሊያወጣ ይችላል፡፡ ከላቡ ጋርም ጨው ይወጣል፡፡ ይህም ሆኖ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው የጨው ክምችት ከጧት እስከ ማታ ከጠባብ ወሰን አያልፍም፡፡ ሚዛኑን የሚያስጠብቁት ኩላሊቶች ሲሆኑ፣ ምን ያህል ውኃና ጨው ማስቀረት እንዳለባቸው የሚያሳውቋቸው ደግሞ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ናቸው፡፡

የገበታ ጨው ዋነኛ ክፍል የሆነው ሶዲየም በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚኖረው መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው፡፡ መጠኑ ከዚህ እጅግ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል በቅድሚያ የሚጎዳው አንጎል በመሆኑ መደናገር፣ የሰውነት መንቀጥቀጥና ራስን መሳት ሊከተሉ ይችላሉ፡፡

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፡፡ ሁለቱ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፡፡ ሆኖም በሽንት መልክ የሚወገደው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፡፡ ቀሪው ከማጣሪያዎቹ በተያያዙት ቀጫጭን ቱቦዎች በኩል ወደ ደም ይመለሳል፡፡ አብዛኛው ፈሳሽ የሚመለሰው በቱቦዎቹ የመጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ የመጨረሻው ውሳኔ የሚሰጠው ግን በቱቦዎቹ መጨረሻ ላይ በሚገኙ ሕዋሳት ነው፡፡ ሆርሞኖቹ በይበልጥ የሚያዟቸውም እነዚህን ሕዋሳት ነው፡፡

ላብ ከደም ይልቅ ጨው ያነሰው ፈሳሽ ስለሆነ፣ በፀሐይ የሚሠራ ሰው ውኃ ካልጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከፍ ይላል፡፡ በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተሰኘው ክፍል አንድ በመቶ የሚሆነውን ለውጥ እንኳ ይለያል፡፡ በዚህ ጊዜ ጥማት ይቀሰቀሳል፤ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞንም ከፒቱታሪ ዕጢ ወደ ደም ይለቀቃል፡፡

ቫሶፕሬሲን ወደ ኩላሊት ሕዋስ ውስጥ አይገባም፡፡ በሕዋሱ ላይ ከሚገኝ ተቀባይ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ሁለተኛ መልእክተኛ እንዲፈጠር ያደርጋል፡፡ በዚህ ምልክት መሠረት በሕዋሱ ውስጥ ተከማችተው የነበሩ አኳፖሪን የተባሉ የውኃ መተላለፊያዎች ሽንት ወደሚያልፍበት ገጽ ይወጣሉ፡፡ ውኃውም በእነርሱ አልፎ ወደ ደም ይመለሳል፡፡ ሂደቱ በደቂቃዎች ውስጥ የሚከናወን ሲሆን፣ ሽንቱ እየቀነሰና ቀለሙ እየጠቆረ ይሄዳል፡፡ ሰውየው በቂ ውኃ ሲጠጣ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ መተላለፊያዎቹም ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይመለሳሉ፡፡

የጨው ትዕዛዝ የሚተላለፈው በሌላ መንገድ ነው፡፡ ጨውና ውኃ አብረው ሲጎድሉ የደም መጠንና ግፊት ይቀንሳል፡፡ በዚህ ጊዜ ኩላሊት ራሱ ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ያመነጫል፡፡ ሬኒን ከጉበት የሚመነጨውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ፕሮቲን ይቆርጣል፡፡ ቁራጩ በተለይ በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ በሌላ ኢንዛይም አማካኝነት አንጂዮቴንሲን ሁለት ወደሚባል ሆርሞን ይለወጣል፡፡ ይህም የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎችም አልዶስቴሮን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጩ ያደርጋል፡፡

አልዶስቴሮን ከቫሶፕሬሲን በተለየ ወደ ሕዋሱ ዘልቆ ይገባል፡፡ በውስጡ ካለው ተቀባይ ጋር ተጣምሮ እስከ ሕዋሱ አስኳል ይደርሳል፤ ሶዲየምን የሚያስተላልፉ ፕሮቲኖች በብዛት እንዲሠሩም ያዛል፡፡ በዚህም ሶዲየም ወደ ደም ሲመለስ ፖታሲየም ከሽንት ጋር ይወገዳል፡፡ አዳዲስ ፕሮቲኖችን መሥራት ስለሚጠይቅ ውጤቱ የሚታየው ከሰዓታት በኋላ ነው፡፡ በአንጻሩ የደም መጠን ሲበዛና የልብ የላይኛው ክፍል ሲለጠጥ ልብ ራሱ ጨው እንዲወገድ የሚያዝ ሆርሞን ያመነጫል፡፡

ይህ እውቀት የተገኘው በረጅም ጊዜ ምርምር ነው፡፡ ሬኒን እ.ኤ.አ. በ1898 በስዊድን፣ አልዶስቴሮን በ1953 በእንግሊዝ፣ የልብ ሆርሞን ደግሞ በ1981 በካናዳ በተደረጉ ምርምሮች ታውቀዋል፡፡ የውኃ መተላለፊያዎቹን ያገኙት አሜሪካዊው ተመራማሪ ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፡፡

አልዶስቴሮን የላብ ዕጢዎችንም ያዛል፡፡ በመሆኑም ከደጋ ወደ ቆላ ለሥራ የወረደ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በላቡ ብዙ ጨው ያጣል፡፡ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲላመድ ግን የላቡ ጨው እየቀነሰ ይሄዳል፡፡ በእነዚያ ቀናት ሥራን ቀስ በቀስ መጀመር፣ በቂ ውኃ መጠጣትና ምግብ ሳይዘሉ መመገብ ይመከራል፡፡ ምግብ ሳይበሉ ውኃ ብቻ ከመጠን በላይ መጠጣት የደም ጨውን ሊያሳንስ ይችላል፡፡ አረቄና ሌሎች የአልኮል መጠጦች ደግሞ ቫሶፕሬሲንን ስለሚገቱ ሽንትን ያበዛሉ እንጂ የጎደለውን ውኃ አይተኩም፡፡

ሆርሞኖች ያለውን ጨውና ውኃ ይቆጥባሉ እንጂ የጠፋውን መልሰው አይፈጥሩም፡፡ ተቅማጥ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡ በጤና ኬላዎችና በጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው የኦአርኤስ ዱቄት ጨውና ስኳርን በተመጠነ መልኩ የያዘ ነው፡፡ ስኳሩ ሶዲየም በአንጀት በኩል ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል፣ ውኃውም ሶዲየሙን ተከትሎ ይገባል፡፡ ዱቄቱ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ይኖርበታል፡፡

የሆርሞኖቹ ትዕዛዝ ከሚገባው በላይ ሲበረታ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ይከማቻሉ፣ የደም ግፊትም ይጨምራል፡፡ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዘው ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን ሁለት እንዳይፈጠር፣ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ አልዶስቴሮን ተቀባዩን እንዳያገኝ በመከላከል ይሠራሉ፡፡ እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ብርቱ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዘው ኩላሊቱ ለጉዳት ሊጋለጥ ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድና መድኃኒት መውሰዱንም መንገር ያስፈልገዋል፡፡ በራሱ ውሳኔ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን አይገባውም፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚመገበው ጨው ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፡፡

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፡፡ ይሁንና ሥራውን ያቆመ ኩላሊትን በሌላ መተካት ከባድና ውድ ሕክምና ነው፡፡ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን በወቅቱ መታከምና በሙቀት ወቅት ውኃን አለማጓደል በጎብዬ ማሳ ለሚውለው አርሶ አደርም ሆነ ለከተማ ነዋሪው ኩላሊትን ከጉዳት ለመጠበቅ ይረዳሉ፡፡