ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መሥሪያዎች ታሪክና ስለ ምርጫቸው

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሥራ ሊማር የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም እንዲሁ እጠይቅ ነበር። የመሣሪያዎቹን ታሪክ ከተመለከትሁ በኋላ ግን «መሣሪያው በማን እጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ተረዳሁ።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) አይዲ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዱም የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። ሠሪዎቹም አንድ ብልህ ነገር አደረጉ፤ ይኸውም ተጫዋቹ የሚመላለስባቸውን ክፍሎችና ደጆች ከፕሮግራሙ ለይተው «ዋድ» በሚባል ፋይል ማኖራቸው ነው። ኩባንያው ራሱ የሚሠራበት መሣሪያ ኔክስት በተባለ ኮምፒዩተር ላይ የሚሄድ ስለ ነበረ ለተራው ተጫዋች አይሆነውም ነበር። ነገር ግን ተጫዋቾቹ ፋይሉን መርምረው በ1994 «ዲ.ኢ.ዩ.» የተባለውን የራሳቸውን መሥሪያ አወጡ። በዚያም እንደ ቤት ፕላን መስመር እያሰመሩ፣ የወለሉንና የጣራውን ከፍታ በቁጥር እየሰጡ፣ ሌቭል የሚባለውን የጨዋታ ሥፍራ ይሠሩ ጀመር። ከእነርሱም አንዱ ቲም ዊሊትስ በሠራቸው ሥፍራዎች ምክንያት በዚያው ኩባንያ ለመቀጠር በቃ።

ሞዴሊንግ፣ ማለት ወንበሩንና ዓምዱን፣ ሰውየውንም መቅረጽ፣ ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ብሌንደር የተባለውን የቅርጽ መሥሪያ የጀመረው ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ ነው። በ2002 ገንዘብ ያወጡት ሰዎች ኩባንያውን ሲዘጉት ፕሮግራሙ መክሊቱን እንደ ቀበረው ባሪያ ሀብት ከመሬት በታች ሊቀር ነበር፤ ሙያውን በእርሱ የተማሩትም ሁሉ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ! ሮዘንዳል ግን ባለመብቶቹን 100,000 ዩሮ ቢከፈላቸው እንዲለቁት አስማማቸው። ተጠቃሚዎቹም ከየአገሩ እያዋጡ ገንዘቡን በ7 ሳምንት ሞሉት፤ በኦክቶበር 13 ቀን 2002 ኮዱ ለሁሉ ተከፈተ። ዛሬም ማንም ያለ ዋጋ ይወስደዋል።

ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ባለቤት ኩባንያ በ2023 ጨዋታ በተጫነ ቁጥር የሚታሰብ አዲስ ክፍያ አውጆ፣ ሠሪዎቹ ቢቆጡበት በ2024 ሠርዞታል። ኮዱ በ2014 ለሁሉ የተከፈተው ጎዶት ግን እንዲህ ያለ አዋጅ አያሰጋውም።

ለጀማሪ ግን እኔ ከብሌንደርም ከጎዶትም በፊት ትሬንችብሩምን አስቀድማለሁ። በ1996 ለወጣው ኩዌክ ለተባለው ጨዋታ ሥፍራ የሚሠራበት ነጻ መሣሪያ ነው። አራት ግድግዳ ያቆመ ተማሪ በዚያው ቀን ገብቶ ይመላለስበታል፤ ወንበሩን ኋላ ይቀርጸዋል።