ምድጃው ቢረዝምም

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ብረት አቅላጮች አንድ ነገር ያንገበግባቸው ነበር። ከምድጃው አናት በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሞልቷል። ማዕድኑን ብረት የሚያደርገው ይኸው ጋዝ ስለሆነ፣ የከሰሉ ገንዘብ በኖ ቀረ ማለት ነው። ጋዙና ማዕድኑ አብረው የቆዩበት ጊዜ አንሶ ይሆናል ብለው ምድጃውን አስረዘሙት፤ በእንግሊዝ 30 ሜትር ደረሰ። ወጪው ናረ፣ የሚያመልጠው ጋዝ ግን አልቀነሰም። ይህን የጻፈልን ፈረንሳዊው ኬሚስት ኦንሪ ለ ሻተልዬ ነው።

ምክንያቱ የጊዜ እጥረት አልነበረም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከማዕድኑ ኦክስጅን ሲወስድ፣ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ለብረቱ ይመልስለታል። የመሄዱና የመመለሱ ፍጥነት እኩል ከሆነ በኋላ ዓመት ቢጠበቅም ለውጥ የለም፤ ይህ ሚዛን ይባላል።

ፍንጩ ግን ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1798 ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ በርቶሌ በናትሮን ሐይቆች ዳር የተጋገረ ሶዳ አየ። በቤተ ሙከራ ሶዳ ከካልሲየም ክሎራይድ ጋር ሲደባለቅ የኖራ ድንጋይና ጨው ይሰጣል፤ እዚያ የሆነው ተቃራኒው ነው። ጨውና የኖራ ድንጋዩ ተትረፍርፎ፣ ሶዳው በዳርቻው እየተጋገረ ከውኃው ሲወጣ ለውጡ ወደ ኋላ ዞሯል። በ1864 የኖርዌይ አማቾች ጉልድበርግና ቮጌ የመጠኑን ነገር ወደ ቀመር አመጡት።

ለውጡን የሚነዳው ምንድን ነው የሚለው ግን ብዙ አከራከረ። ማርሴለን በርተሎ (ከበርቶሌ ሌላ ሰው ነው) ሙቀት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ይሁንና አሞኒየም ናይትሬት ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ብርጭቆው ይቀዘቅዛል፤ ማንም ሳይገፋው ሙቀት እየሳበ ይሟሟል።

ቋጠሮውን የፈታው በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለ ደመወዝ ያስተምር የነበረው ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ ነው። በ1876 እና በ1878 ያወጣው ጽሑፍ ከ300 ገጽ በላይ ነው፤ የታተመው ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚያነቡት የኮኔቲከት አካዳሚ መጽሔት ነበር። ሐሳቡ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን የሞለኪውሎች መበታተንም፣ ማለትም ኢንትሮፒ፣ በሙቀት መጠኑ ተባዝቶ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ሁለቱን ያጣመረው ልኬት ነፃ ኢነርጂ ይባላል። የሙቀት መጠንና ግፊት ሳይለወጡ፣ ነፃ ኢነርጂው ዝቅተኛው ላይ ሲደርስ ለውጡ ይቆማል።

አሞኒያ የዚህ ሒሳብ ፈተና ሆነ። አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ሃይድሮጅን ሁለት አሞኒያ ሲሆኑ ሙቀት ይወጣል፣ መበታተን ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ሲግል ይፈርሳል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፍጥነቱ ይሞታል። ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር መጀመሪያ በ1000 ዲግሪ ሲለካ ያገኘው ከ10,000 ክፍል አንድ ያህል ብቻ ነበር። አራቱ ሞለኪውል ሁለት ስለሚሆን ግፊት ይረዳል። ለ ሻተልዬ ራሱ በ1901 ሞክሮት ዕቃው ፈነዳና ተወው። ሃበርና ረዳቱ ሮበርት ለ ሮሲኞል ግን ግፊቱን ወደ 200 ገደማ ከባቢ አየር አድርሰው፣ የተፈጠረውን አሞኒያ በማቀዝቀዝ እየቀዱ፣ የተረፈውን ጋዝ መልሰው አዞሩት። ሚዛኑን አልታገሉትም፤ እንዳይደርስ እያደረጉ ሠሩበት። በሐምሌ 1909 በካርልስሩህ ለባስፍ ኩባንያ ሰዎች ያሳዩት ይህንን ነው። በ1913 የኩባንያው የኦፓው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፣ በቀጣዩ ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና አሞኒያው ለፈንጂም ዋለ። በጅቡቲ ወደብ በኩል ለገበሬያችን የሚመጣው ዩሪያም የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት አሞኒያ ነው።