ከእናት ጋር የሚነበብ ከተማ

የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ወይም ዒድ ሲቃረብ «ዘንድሮስ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ» ብለን አስበን፣ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርትና የመንገዱ ወጪ ይዞን የቀረን ስንቶቻችን ነን? ብንሄድም በሦስተኛው ቀን ሻንጣ ማዘጋጀት እንጀምራለን። እናትን መዘየር ያለውን ደረጃ የማያውቅ ሙስሊም የለም። በዚህ ጽሑፍ ግን ነገሩን በታሪክ በኩል እንድትመለከቱት እንጋብዛችኋለን።

ታላቁን ተጓዥ ኢብን በጡጣን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1304 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሞሮኮዋ የታንጀር ከተማ ተወለደ። በ1325 ለሐጅ ሲነሳ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ እናትና አባቱም በሕይወት ነበሩ። ጉዞው ግን በመካ አላበቃም። በእኛ አቅጣጫ እስከ ዘይላ ወደብ፣ በምሥራቅም እስከ ሕንድና ከዚያም ወዲያ ወሰደው። በ1348 ደማስቆ ሲመለስ አባቱ ከ15 ዓመት በፊት መሞቱን፣ እናቱ ግን በሕይወት መኖሯን ሰማ። ወደ አገሩ አቀና። በ1349 ሞሮኮ ገብቶ ታዛ ከተማ ሲደርስ፣ እናቱ በዚያ ዘመን ብዙ ሕዝብ በፈጀው ወረርሽኝ እንደሞተች ነገሩት። ወደ ታንጀር የገባው መቃብሯን ለመዘየር ሆነ። የጉዞው መጽሐፍ በ1355 ተጽፎ አለቀ፤ ዓለምም እስከ ዛሬ ያነበዋል። ያን ሁሉ ያየውን ለእናቱ ቁጭ ብሎ ለማውራት ግን አልታደለም።

ኢብን በጡጣ ከረገጣት ከዘይላ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው የጥንት የሲራራ ንግድ መንገድ ወደ ሐረር ያደርሳል። የሐረርን ታሪክ ከመጻሕፍት ማግኘት ይቻላል። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብና አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ከ80 በላይ የሆኑት መስጊዶች፣ በ1855 የእንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን መምጣት፣ ከ1875 እስከ 1885 የቆየው የግብፆች አገዛዝ፣ በ1887 የተካሄደው የጨለንቆ ጦርነት፣ በመጨረሻም ዩኔስኮ ጁገልን በ2006 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ሁሉ ተጽፏል። ይህ ከተማዋን ከውጭ ማንበብ ነው። ከውስጥ ለማንበብ ግን የእናትን ደጃፍ ማለፍ ያስፈልጋል።

ሐረሪዎች እናትን «አይ» ይሏታል። የሐረሪ ባሕላዊ ቤት ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ሲሆን፣ አምስት «ነደባ» የሚባሉ ከፍ ያሉ መቀመጫዎች አሉት። እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ አለው፤ አሚር ነደባ ለምሳሌ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። ልጅ ማን የት እንደሚቀመጥ ሲማር፣ ታላቅን ማክበርንም አብሮ ይማራል። ቀዩ ወለል በጨለንቆ የወደቁትን እንደሚያስታውስ ይነገራል። ከበር በላይ ተጠቅሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት የስፌት ሥራዎች ደግሞ ልጃገረዶች «ሞይ ጋር» በሚባለው ቤት ተሰባስበው ከታላላቆቻቸው የተማሩት ጥበብ ናቸው። የትኛው ስፌት የአያት፣ የትኛው የሙሽርነት ስጦታ እንደሆነ ግን ግድግዳው አይናገርም። የምታውቀው እናት ናት።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እናቶች ሲጽፉ ብዙ ጊዜ በአጭሩ ያልፋሉ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የኢማም አሕመድ ባለቤት ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዥ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ ነበረች። በ1543 ኢማሙ በጦርነት ሲወድቁ ልጇ መሐመድ ተማረከ። በወዲያኛው ወገን ደግሞ የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ቀደም ብሎ ተማርኮ ወደ የመን ተወስዶ ነበር። የሁለቱ ወገኖች ደም ገና ሳይደርቅ ሁለቱ እናቶች በመልእክተኛ ተደራድረው ልጆቻቸውን ተለዋወጡ። ሚናስ በኋላ ንጉሥ ሆነ። ድል ወንበራም ወደ ሐረር ተመልሳ፣ ከዓመታት በኋላ አሚር ኑርን አገባች። ሰይፍ ያልፈታውን ነገር ሁለት እናቶች እንደፈቱት ልብ በሉ! ሆኖም በዚያ የጭንቅ ጊዜ በልባቸው የነበረውን ዛሬ ማን ይነግረናል? በጊዜው ጠይቆ የጻፈ አልነበረም።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ የትውልድ ከተማችሁ ሐረርም ትሁን ደሴ፣ ጅማም ትሁን አዲስ አበባ፣ ከእናታችሁ ጋር የምታሳልፉትን ቀን አታጣብቡት። ጉዳይ ለመፈጸም ብቻ አትሂዱ። ቁቲው ወይም ቡናው እስኪፈላ አብራችሁ ተቀመጡ። በሠፈሩ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አብራችሁ ተራመዱ፤ በየደጃፉ ቆማ ሰላምታ ስትለዋወጥ አታቻኩሏት። ያ ሰላምታ የከተማው ያልተጻፈ መዝገብ ነውና። የአያቶቻችሁን እናቶች ስም ጠይቋት። በክፉው ዘመን ማን ደረሰልን፣ ማን እህል አበደረን፣ በአፎቻው ወይም በዕድሩ ማን ከማን ጋር ቆመ በሏት። በእጃችሁ ያለው ስልክ ድምፅ ይቀዳል፤ አስፈቅዳችሁ ቅዱት። ልጆቻችሁንም ከጎኗ አስቀምጡ፤ እነርሱ የሚጠይቁትን እናንተ አታስቡትም።

ከሸዋል ስድስት ቀን ጾም በኋላ በሐረር የሚከበረውን ሸዋሊድ ዩኔስኮ በ2023 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። መዝገቡ መልካም ነው። ግን በዓሉ እስከ ዛሬ የደረሰው እናቶች ለልጆቻቸው፣ ልጆችም ለልጆቻቸው ስላቀበሉት ነው። ቅብብሉ የሚቋረጠው አንድ ትውልድ «በሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ» ሲል ነው።

እናታችሁ በሕይወት ካለች መንገዱ ዛሬም ክፍት ነው። ላለፉት እናቶቻችን አላህ ይዘንላቸው፤ ያሉትንም ሳይረፍድ ለመዘየር ይወፍቀን። አሚን።